አክስት ጋሻን በረሃብ ለገደሉት የጨዋታችን መሪ

ለተከበሩ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በሥራ ቀን መሬት ቀያሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የተራራ፣ የዘንዶና የአየር ጠባይ ፈጣሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የምግብ ፍላጎትዎስ? የእኔን ለሚጠይቅ ደህና ነኝ፤ የሞተችው አክስት ጋሻ ብቻ ናት።

ይህን ደብዳቤ በባለቤቴ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። የምንጫወተው እዚያው ጓዳ፣ የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ ከበን ስለሆነ ማንም ሳያነበው እንዳይገባ ብዬ ነው። ለአላፊ አግዳሚው ባጭሩ ላስረዳ፦ ጨዋታው እኔ፣ ጸጉር አስተካካዩና ነርሷ ጓደኛችን እያንዳንዳችን አንድ ጀብደኛ ፈጥረን፣ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ እየጣልን በሌለ አገር የምንጓዝበት ነው። በዚያ አገር ምን እንዳለና ማን ምን እንደሚደርስበት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። የእኔዋ አክስት ጋሻ ትባል ነበር፤ እግሯን የምታነክስ አሮጊት ወታደር። የጸጉር አስተካካዩ ሰው ጠንቋይ፣ የነርሷ ደግሞ ሌባ ነው። ስፈጥራት ልጆቼ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ የራሳቸው ልጆች አሏቸው።

አቤቱታዬን በፈቃድዎ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በቅሎዋ። ወደ በረዶው ተራራ ከመውጣታችን በፊት ከተማ ውስጥ «ስንቅ እንገዛለን» አልኩ፤ እርስዎም «መልካም፣ ገዝታችኋል፤ በቅሎዋም ተጭናለች» አሉ። ተራራው ወገብ ላይ ደርሰን፣ እሳት አንድደን ልንበላ ስንል መነጽርዎን ወደ አፍንጫዎ ጫፍ አወረዱና «ለመሆኑ በቅሎዋን ከማረፊያው ግቢ የፈታት ማነው?» ብለው ጠየቁ። «ፈታኋት» ያለ አልነበረም። በእርስዎ ሕግ በአፍ ያልተነገረ አልተደረገምና፣ በቅሎዋ ስንቃችንን እንደተሸከመች ከተማ ታስራ ቀረች። ለዚህ ጥንቃቄዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ጎልማሶች ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ ውለው በቅሎ መርሳታቸው እሳት ዳር ብቻ ትዝ እንደሚላቸው እርስዎ ባይነግሩን ከየት እናውቀው ነበር?

ሁለተኛ፣ ስለ ሸክም። የጸጉር አስተካካዩ ጠንቋይ ከቤተ መቅደስ የነቀለውን የነሐስ በር በትከሻ ቦርሳው ከትቶ ሲጓዝ «አስማተኛ ቦርሳ ነው» ብለው አለፉት። አክስት ጋሻ አንድ ኮዳ ውሃ ልጨምር ብትል ግን ለወገቧ አዘኑላት። ጸጉርዎን ማን እንደሚያስተካክልዎት እዚህ አላነሳም።

ሦስተኛው አሟሟቷ ነው። ኪሷ ውስጥ የቀረውን ደረቅ ዳቦ፣ ኪሷ ውስጥ እንዳለ በግልጽ ተናግሬ ነበርና ሊነጥቋት አልቻሉም፤ እሷም ለነርሷ ሌባ ሰጠችው። ከዚያ ዳይሱ ከፋ፤ ሸለቆው ማዶ የቀጣዩ ከተማ መብራት እየታያት ወደቀች። ነርሷ «ኧረ በእናትህ! ከተማው እኮ ይታያል፤ ተሸክመናት እንውረድ!» ብላ ለመነችዎት። «አገሩን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ገና ሩቅ ነው» አሉና የአክስት ጋሻ ጉልበትና ንብረት የተጻፈበትን ወረቀት ከእጄ ወስደው ለሁለት ቀደዱት። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «የልጅ ልጅ አይታችሁ ለወረቀት ሴትዮ ትጣላላችሁ?» አለች። እኔ ግን አልተጣላሁም። ተሾምኩ።

በጠረጴዛችን ደንብ ሰው የሞተበት ተጫዋች፣ ጓደኞቹ ቀጣዩ ከተማ እስኪገቡ ድረስ ሻይና ዳቦ አቅራቢ ይሆናል። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ነርሷ «ሹመት ያዳብር» አለችኝ፤ እኔም በሹመቴ ልክ ለመሥራት ቆረጥኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ሻይ አሉኝ፤ ሻይ ሰጠሁ። ስኳር አላሉም ነበር። ስኳር ሲሉ ጨመርኩ፤ ይማሰል አላሉም። ዳቦ ሲሉ ከነሣጥኑ አቀረብኩ፤ ክዳኑ ይከፈት የሚል ቃል ከአፍዎ አልወጣም። እጅዎን ሲዘረጉ ደግሞ፣ እጅ ስለ መዘርጋት የተነገረ ነገር እንደሌለ በትሕትና አስታወስኩና ሣጥኑን ወደ ጸጉር አስተካካዩ ገፋ አደረግኩት። እሱ «ክዳኑን እከፍታለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ እጎርሳለሁ» ብሎ ጎረሰ። «ጋሼ፣ አፍ የለህም እንዴ?» ሲልዎት ነርሷ ከሳቋ ብዛት የልብስ ቁልፉን ቆርቆሮ ደፋችው። አልዋሽም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያን ጊዜ ነው ታሪክ የሠሩት። ሹመቴ ከተማ ሲገባ እንደሚያበቃ ትዝ አለዎትና፣ ዓይንዎ ዳቦው ላይ እንዳለ «ተራራውን ወረዳችሁ፣ ሸለቆውን ተሻገራችሁ፣ ከተማ ገብታችኋል» አሉ። በአንድ ትንፋሽ! ማን በላ፣ ማን ተሸከመ፣ በየት በኩል ወረዱ የለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ። አክስት ጋሻን የገደለው ያ ሩቅ መንገድ ለእርስዎ ሆድ ሲሆን ከጉሮሮ አጠረ።

ነርሷ «መንገዱ እንዲህ ካጠረ ሴትዮዋም ትነሳ» ስትል፣ በሞላ አፍዎ «የሞተ አይመለስም» ብለው ፈረዱ። ፍርድዎን ተቀብያለሁ። አክስት ጋሻ አትመለስም፤ አልለምንዎትም። ሆኖም ጓደኞቻችን የሚቀጥለውን ታሪክ እኔ እንድመራ ጠይቀውኛል። ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀር እጁን አውጥቷል፤ እጁን እንደሚያወጣም አስቀድሞ ተናግሯል። የቤቱ ባለቤት እህትዎም «ካልጮሃችሁ ምን ቸገረኝ» ብላለች። ለእርስዎም ካውያው አጠገብ ወንበር አዘጋጅተናል፤ ትንሽ ይሞቃል እንጂ ለተራ ተጫዋች አይከፋም። አንድ ጀብደኛ ፈጥረው እንዲመጡ በአክብሮት ተጋብዘዋል።

ደግዎን ሁሉ የሚመልስልዎ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ትዝታ ጋር፣

የሟቿ ወኪል፣ የቀድሞው ሻይ አቅራቢ፣ የመጪው ቅዳሜ መሪ

ማሳሰቢያ፦ ታሪኩ የሚጀምረው በረዶ ላይ ነው። የእርስዎ ሰው ጫማ ስለማድረጉ እስካሁን የነገሩን ነገር የለም።