ከሰው ሜትር የሚረዝመው ሜትርህ

ሞልዬ፣ የኔ ዓለም፣ እንዴት ከረምህ?

ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ስምህን በደግ አንሥቶ ነው የሄደው። ያኔም ልጽፍልህ ብዕር አንሥቼ ነበር፣ ግን ከእንባ በቀር የመጣልኝ ነገር አልነበረም። ዛሬ የምነግርህ አለኝ፣ ደግሞም የሚያስቅ ነው። ልጃችን ትዕግሥት ወንድ ልጅ ወልዳለች። አንተ አላየኸውም፣ ጆሮው ግን ቁርጥ ያንተ ነው።

አስቀድሜ ልናዘዝ። ካረፍህ በኋላ ጓሮ ያለችውን የሥራ ክፍልህን ከፍቼ፣ በሠላሳ ዓመት የቀረጽሃቸውን የእንጨት ሞዴሎች ቁልል ሳይ መላው ጠፋኝ። ክብ አለ፣ ጥርስ ያለው አለ፣ የማሰሮ አንገት የመሰለ አለ። አንተ በዋንዛ ትቀርጻለህ፤ ጓደኛህ ሐሰን ማቅለጫ ቤት ወስዶ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከዚያ ያወጣውና እንጨቱ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ አልሙኒየም ያፈስበታል፤ ወፍጮ የሚያዞር ፑሊ ወይም የውሃ ፓምፕ ዕቃ ይሆናል። ፑሊውን ሰው ሁሉ ያየዋል፣ እንጨቱን ግን ማንም አያየውም። እኔም አላየሁትም። ክረምት ላይ ደረቅ ማገዶ ሲቸግረኝ አንዱን ፈልጬ ሽሮ ሠራሁበት። እውነቱን ለመናገር ሽሮው ጥሩ ነበር።

የፊቱን ክፍል ለመምህርት ሕይወት አከራይቻለሁ። ከጎጃም ተመድባ የመጣች የፊዚክስ አስተማሪ ናት። የቆቦን ሙቀት ገና አልለመደችውም፤ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነው ፈተና የምታርመው። ሁለተኛውን ሞዴል ልፈልጥ መጥረቢያ ሳነሣ ደረሰችብኝ። «እትዬ አልማዝ፣ ምን እያደረጉ ነው? ይኼ እኮ ጥበብ ነው» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ። በጨርቅ ስትጠርገው ቀዩና ጥቁሩ ቀለም ብቅ አለ። ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ስታደንቅ፣ አንተን የምታደንቅ መሰለኝና ደስ አለኝ።

ልንደረድራቸው ብለን ጎረቤታችንን አናጢውን ሰይድን መደርደሪያ አሠራነው። ግድግዳውን በራሱ ሜትር ለካ፤ ሳንቃውን ሲቆርጥ ግን ጠረጴዛህ ላይ ያገኘውን ያንተን የእንጨት ሜትር አነሣ። ሳንቃው አልገባም አለ። ሰይድ ግድግዳውን ተጠራጠረ፣ ቀጥሎ ዓይኑን ተጠራጠረ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት የተኛሁበት አልጋ ነዋ።

የቀለጠ ነገር ሲቀዘቅዝ ስለሚያንስ ሞዴሉ ከልኩ ከፍ ብሎ መቀረጽ አለበት። ለዚያ ብለህ ራስህ ያሰመርኸው ሜትር ከሰው ሜትር ጣት ያህል ይረዝማል። ቀኑን ሙሉ በሱ ስትለካ ውለህ ማታ የሠርጋችንን አልጋ በሱው ለካህ። ከደሴ ያስመጣኸው ፍራሽ ሁለት ጣት አጠረ። ክፍተቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቀጠቅህና «ግድ የለም፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል» አልኸኝ። ሳይቀዘቅዝ ቀረ፣ ሞልዬ። ጋቢውም እዚያው አለ። ይህን ለሰይድና ለሕይወት ስነግራቸው ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። አንተ ከሄድህ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ሕይወት ሞዴሎቹን ፎቶ አንሥታ በስልኳ ለሰው አሳየች። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ። ከአሮጌ ፋብሪካና ማቅለጫ ቤት እንዲህ ያሉ እንጨቶችን እየሰበሰበ እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ነው። አንዱን አገላብጦ አየና «ሌላው ግማሹ የት አለ?» አለኝ። ለካ አንዳንዱን ለሁለት ከፍለህ ኖሯል የምትቀርጸው። ሽሮ ሆኗል አልሁት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከሁሉም ዓይኑ ያረፈው ባለ ስድስት ክንዱ ትልቁ የፑሊ ሞዴል ላይ ነው። ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው ተስማማን። እስከዚያ እንዳልነካው፣ አቧራውን እንኳ እንዳልጠርገው አደራ ብሎኝ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ዘነቡ ከሮቢት መጣች፣ ያቺ የአባቷን ወፍጮ የወረሰችው። የተሰበረ ፑሊ በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች። ልኩ ገበያ ላይ የለም፤ ወፍጮው ቆሞ የሮቢት ሰው ማሽላውን ጭኖ ጎብዬ ድረስ ይመላለሳል። «ጋሽ ሞላ ለአባቴ የቀረጹት ይኖር እንደሁ ብዬ ነው» አለችኝ። የምትለው ያው ባለ ስድስት ክንዱ ነው፤ ከራሷ በላይ ተሰቅሏል።

ቀና ብዬ አየሁት። አሸዋ ከገባ ቀለሙ ይላጣል፣ ሰውየውም ይቀየመኛል። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ቃል ደግሞ በአንተ ቤት ቀልድ አልነበረም። ብቻ አንተ ብትኖር ወፍጮ ቆሞ እንጨት ግድግዳ ላይ አታውልም። መሰላል አቁሜ ራሴ አወረድሁት።

ማቅለጫ ቤት ስንወስድለት ሐሰን ሞዴሉን ሲያይ «ቢስሚላህ» ብሎ ሳመው። እኔም አጠገቡ ቆምሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስታወራልኝ አንድ ቀን ሄጄ አይቼ አላውቅም ነበር። አሸዋውን ዙሪያውን ጠቀጠቀ፤ ከዚያ ሞዴሉን ትንፋሹን ውጦ አነሣው። ቦታው ጥርት ብሎ ቀረ፣ ስድስቱም ክንድ። የእጅህን ሥራ ያን ጊዜ አየሁት። አልሙኒየሙ ሲፈስ አለቀስሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው። በማግስቱ ፑሊው ቶርኖ ቤት በማሽን ተላጠና ወፍጮው ላይ ገጠመ፤ የማዞሪያው ቀበቶ ቺንጋው ሲዞር ዘነቡ እልል አለች። የመጀመሪያውን ዱቄት ለእኔ ላከችልኝ።

ቅዳሜ ሰውየው ሲመጣ ሞዴሉ አሸዋ ለብሶ፣ አንድ ክንዱ ተጭሮ ጠበቀው። ይቆጣል ስል እሱ እንዲያውም የባሰ ወደደው። ያን ጊዜ ያላሰብሁት ነገር ከአፌ ወጣ። ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ ይኼ ገና ሥራ ላይ ነው፣ አልሰጥህም አልሁት። የተጫረውን ክንድ ዳሰሰና «ልክ ነዎት እናቴ» አለኝ። ማሽናቸው ከአገልግሎት የወጣውን ሌሎቹን በየግርጌያቸው ስምህን እንዲጽፍ አስምዬው ሰጠሁት። ዋጋውን አልነግርህም፤ ብትሰማ መሮህን ልትፈልግ ትነሣለህ። ትልቁ ሳሎን ተሰቅሏል። ባለወፍጮ ሲመጣ ይወርዳል፣ ሲጨርስ ይመለሳል።

አልረሳህም ማለትን ሁሉም ይላል፣ እኔ የምልህ ሌላ ነው። ስለ አንተ ሳወራ ትንሽ እንደምጨምር ሕይወት ደርሳብኛለች። ቁመትህን ከፍ፣ ቀልድህን ጣፈጥ፣ ቁጣህን ቀነስ አደርጋለሁ። አላፈርሁም። ሲቀዘቅዝ እንደሚያንስ ያስተማርኸኝ አንተው ነህ። ስለዚህ እስክመጣ ድረስ የማስታውስህ በዚያው በአንተ ሜትር ነው። ያ ጆሮው ያንተ የሆነው ልጅ አድጎ ሲሰማኝ፣ ወሬው ቀዝቅዞ ልክህን ትሆናለህ።

አልማዝህ