ሳራቺኔስካውን ስለ መዝጋቴና ጀልባዬን ስለ ማውረሴ

እኔ በኃይሉ ደግፌ፣ የሐዋሳ ታቦር ነዋሪ፣ ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጉልበቴ እንጂ አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል እሰጣለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር ዮናስ ነው። ዮናስ፣ ያልሁትን ጻፍ፤ አታሳምርልኝ።

ቤቴ ከነግቢው ለልጄ ለእህተማርያም ይሁን። እናቷን ስድስት ዓመት ያስታመመች እሷ ናት። ወንድሟ ሮቤል ሲመጣ ግን በር እንዳትዘጋበት።

የሠራሁበት ኩባንያ በየዓመቱ የሚያሳትመውን የዘላቂነት መጽሐፍም እሷው ትውሰድ። “ዘላቂነት” የሚለውን ቃል መጀመሪያ ስሰማ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። እኔ በዘበኝነት ያገለገልሁበት የነዳጅና የኬሚካል ኩባንያ ስብሰባ ጠርቶ፣ “ከእንግዲህ ቅድሚያ ለዘላቂነት!” ሲል፣ አዲስ ሹም መጣ ብዬ ካፖርቴን አጥቤ በር ላይ ቆምሁ። እስከ ምሳ ቆምሁ! ኢንጂነር ሩዋይዳ፣ “አባባ፣ ማንን ይጠብቃሉ?” ብትለኝ፣ “አቶ ዘላቂነትን” አልኋት። እስከ ዛሬ በዚህ ስም ትጠራኛለች።

ያን ጊዜ ውሃ በመጽሐፋቸው የቅድሚያ ተራ ከጭስ፣ ከመብራት ቁጠባና ከችግኝ ተከላ ቀጥሎ አራተኛ ነበር። ፍሳሹ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ የሚሄድበትን የመጨረሻ ኩሬ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። የመሣሪያውን ቁጥር ማንበብ አልችልም፤ ስለዚህ ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል አሣ ገበያ አምስት ቆሮሶ አሣ በሕይወታቸው አምጥቼ ኩሬው ውስጥ ለቀቅሁ። አሣ አይዋሽም። አንድ ጠዋት አምስቱም ተገልብጠው ሳገኛቸው የቧንቧውን መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ጠርቅሜ ዘጋሁ፤ ውሃው ወደ ሐይቁ መሄዱ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ፣ “ማን አዘዘህ?” ቢለኝ፣ “የሞቱት” አልሁት።

ፋብሪካው አርባ ቀን ቆመ፤ ማጣሪያው እንደ አዲስ ተሠራ። ዛሬ በመጽሐፉ ውሃ አንደኛ ነው፤ ከሥሩ ባለው ፎቶ ካፖርቴን ለብሼ እስቃለሁ። መሃይም ያሉኝ ሰዎች ገልጠው ያዩኛል! በኩሬው እንደገና የለቀቅሁት ቆሮሶ ተራብቶ መዋኛ አጥቷል። ደስ ይለኛል፤ አልደብቅም።

ነገር ግን በዚያ አርባ ቀን የኮንትራት ሠራተኞች ሲሰናበቱ ልጄ ሮቤል አንዱ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። ዛሬ እህቱ ጎትታው መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ሮቢ፣ ስለ መዝጋቴ ይቅርታ አልልህም፤ ነገም ቢሆን እዘጋዋለሁ። ቀድሜ ሳልነግርህ፣ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው በማድረጌ ግን በድዬሃለሁ። ይህን በምስክር ፊት እላለሁ። ጀልባዬ ከነመረቧና ከነመቅዘፊያዋ ያንተ ናት። ጣት የማታክል አሣ ስትይዝ መልሰህ ልቀቃት። ጀልባዋን ካልፈለግሃት ለእድሩ ትሰጥ።

ዮናስ፣ የሚመልሰውንም ጻፍ። ሮቤል እንዲህ አለ፦

“አባባ፣ የሙት ጀልባ አልወስድም። ከነባለቤቷ ከሆነ ግን ቅዳሜ እወስዳታለሁ። እርስዎ መሪ፣ እኔ ቀዛፊ።”

“መቅዘፍ ትችላለህ እንዴ?” አልሁት።

“ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ባልችል የማን ጥፋት ነው?”

ወይዘሮ ተዋበች እልልታዋን ስታቀልጠው፣ ምስክር መሆኗን አስታውሰን አስቀመጥናት።

ስለዚህ የጀልባዋ ቃል እንዲህ ይታረም፦ ከሞቴ በኋላ ሳይሆን ከነገ ወዲያ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሮቤል ትተላለፋለች፤ እኔም ውስጧ ተቀምጬ።

ይህ ሁሉ ተነብቦልኝ፣ የገዛ ቃሌ መሆኑን ሰምቼ፣ በአውራ ጣቴ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ በኃይሉ ደግፌ (የጣት አሻራ)
ምስክሮች፦ ከድር ሸምሱ፣ ሙህዲን ረዲ፣ ተዋበች ማሞ፣ ቢኒያም ላቀው (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ መምህር ዮናስ አበራ (ፊርማ)