የሰማዩን ቅዳሜና እሁድ ለዘጉልን ኃላፊ

ለክቡር የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ዓርብ ትንበያዎ የጠራ፣ ጣሪያዎም የማያፈስ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ ባልም በሕይወት አለ፤ ለዚህ የሚመሰገነው ግን መሥሪያ ቤትዎ ስላልሆነ፣ ምስጋና መጣብኝ ብለው እንዳይደነግጡ ቀድሜ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ ስለ ቁጠባዎ ላመስግን። በጀት ሲቀነስ ሌላው ኃላፊ ወረቀትና ቀለም ሲቆጥብ፣ እርስዎ ግን ቅዳሜና እሁድ የሳተላይቱን ምስል የምታነብልንን ባለሙያ አሰናብተው ሁለቱን ቀን ከነሰማያቸው ቆጠቡልን። ሳተላይቱ ምስኪን የቁጠባው ሰርኩላር ስላልደረሰው ዛሬም በየሩብ ሰዓቱ የደመናውን ምስል ይልካል፤ እታች ያለው ክፍል ግን ተቆልፎ፣ ቁልፉም ዓርብ ከእርስዎ ጸሐፊ ቦርሳ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ሴትየዋ አሁን ፎቶ ቤት ገብታ የሙሽሮችን ፊት ታጠራለች አሉ። እሷስ ተገላገለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ፈጠራዎ። ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት የሦስት ቀን ትንበያ በአንድ ትንፋሽ ተጽፎ ለሬዲዮ ጣቢያው እንዲላክ ማዘዝዎ፣ አንባቢውም ቅዳሜ ጠዋት በዚያ በሚያምር ድምፁ “አሁን ከሳተላይት በደረሰን መረጃ መሠረት” ብሎ እንዲያነበው ማድረግዎ የሚደነቅ ነው። ዳቦ ጋጋሪያችን እንኳ ያደረውን ዳቦ ለብቻው አስቀምጦ፣ ያደረ መሆኑን ሳይነግረን አይሸጥም።

ሦስተኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። የእህቴ ባል ሰው ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ የሚያሻግር ጀልባ ነጂ ነው። ቅዳሜ ማዶ ገበያ ስለሚውል አሥራ አራት ሰው ከነዕቃው ይጭናል። ትንበያ ሳይሰማ ጀልባውን ከምሰሶው ፈትቶ አያውቅም፤ እህቴ “ከእኔ ይልቅ ሬዲዮኑን ያምናል” እያለች ስትቀናበት ኖራለች። ባለፈው ወር በአንዱ ቅዳሜ ሬዲዮኑ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይውላል አለው፤ ሐይቁ ግን ሬዲዮ አልሰማም። መሐል ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሣ፣ ሞተሩ ውሃ ገባበትና ጠፋ፣ ተሳፋሪው በባልዲም ለሽያጭ በያዘው ድስትም፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በጫማዋ ሳይቀር፣ ውሃ እየቀዱ ሲደፉ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ዓሣ አስጋሪዎች ደርሰው ጎትተው አወጧቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ቢወጣ አሥራ አራት ነፍስ፣ ቢቀር ደግሞ የአራት ልጆች ጉሮሮ።

አራተኛ፣ እርስዎ ሳያውቁት ስለሠሩት በጎ ሥራ። የሳተላይት መቀበያው ሳህን ባለበት ጣሪያ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ዘበኛ ባለቤት የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥራ እንደነበር ያውቃሉ። እናም በዚያ ቅዳሜ፣ ሬዲዮኑ ስለ ጸጥታ በሚያወራበት ሰዓት፣ ይህች ሴት ሰማዩን አይታ ከራስዎ ጣሪያ ላይ ልብሷን እርጥቡን ሰብስባ ማስገባቷ በኋላ ተሰማ። ጀልባ ነጂዎቹ ጊዜ አላጠፉም፤ የዘበኛውን ስልክ ቁጥር ፈልገው አገኙና ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ እየደወሉ “እትዬ ዛሬ ልብሱን አስጥተዋል ወይ?” ብለው መጠየቅ ያዙ። ልብሱ ተሰጥቷል ከተባለ ይወጣሉ፤ ገብቷል ከተባለ ይቀራሉ። ሦስት ቅዳሜ ያለ ሳተላይት፣ ያለ አበልና ያለ ስብሰባ አንድ ቀን አልሳተችም። የእህቴ ባል ቁርሱን መብላት ጀምሮ ነበር።

ወሬው እርስዎ ጆሮ ሲገባም ለነፋስ ያላሳዩትን ፍጥነት አሳዩ። የመንግሥት ንብረት ላይ ልብስ ማስጣት የተከለከለ መሆኑን በሁለት ገጽ ጽፈው፣ በሦስት ማኅተም አትመው፣ ባለፈው ዓርብ ገመዱን አስቆረጡት። እንዲህ ያለ የተሟላ ሥራ ከመሥሪያ ቤትዎ ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ ሳናመሰግን አናልፈውም።

እንግዲህ ልመናችን አጭር ናት፤ የነፋሱ ወር ሳይገባ ያችን ባለሙያ ከሙሽሮቹ መካከል አውጥተው፣ በሳምንት ለሁለት ቀን ብቻ፣ ከምስሎቹ ፊት መልሰው ያስቀምጡልን። ካልተቻለም ገመዱን ይመልሱልን። ሁለቱም ካልተቻለ ቅዳሜና እሁድ ነፋስ እንዳይነፍስ የሚያዝ ሰርኩላር ይጻፉልን፤ ማኅተም እንደሁ አላጠረዎትም።

ለሰባት ቀን ሰማይ አምስት የሥራ ቀን ለመደቡት ክቡርነትዎ ያለኝን ወሰን የለሽ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከመስኮትዎም ሳይጠጉ በሰላም እንዲቆዩልኝ እመኛለሁ።

የአንድ ጀልባ ነጂ ሚስት ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ገመዱ በተቆረጠ ማግስት፣ ቅዳሜ በማለዳ፣ ሾፌርዎ ለዘበኛው ደውሎ “ጋሼ ቤተሰቡን ይዘው ሐይቅ ዳር ሊዝናኑ ስለሆነ ልብሱ ገብቷል ወይ?” ብሎ መጠየቁን ሰምተናል። ዘበኛውም “ወንድሜ፣ ገመዱን አለቃህ ትናንት አስቆርጦታል፤ ምን ላይ ታስጣው?” አለው። ቅዳሜ ጠዋት ልውጣ ልቅር እያሉ ወደ ሰማይ ከሚያንጋጥጡት ወገን ስለተቀላቀሉ እንኳን ደህና መጡ፤ የእህቴ ባል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቆልዎታል።