በምርቃት ያቋረጥኩት የሚስኪ ዜማ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለሜ ሰይዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ቀለል አለልሽ ወይስ አሁንም ከተቀመጥሽበት ስትነሺ ያስጮህሻል? ግፊትሽስ? መድኃኒቱን ሳትሰለቺ ዋጪ፤ ደህና ሆንኩ ብለሽ እንደ አምናው እንዳታቋርጪው። አረፋንስ እንዴት ዋልሽ? ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው እኔም ፈትሂያም ልጆቹም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ ሲጥል ከሙቀቱ ትንሽ ተንፈስ ብለናል። ባሮ ሞልቷል ሲሉ ሰምተሽ እንዳትሰጊ፤ የኛ ሰፈር ከፍ ያለ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። ከትናንት ወዲያም ትናንትም ስትደውዪ «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ብዬ የዘጋሁብሽ ውሸቴን ነበር፤ አፉ በዪኝ። የምነግርሽ ነገር የሚያስደስትም የሚያስከፋም አለበት፤ ስለዚህ ጽፌ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ለሚወጣ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ።

ነገሩ የልጄ የሚስኪ ነው። ባለቤትሽ ጋሽ ሳኒ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ያረፉ ጊዜ ለቅሶው ላይ፣ ዘመድ ጎረቤቱ በተሰበሰበበት፣ «እህቴ ብቻዋን አትቀርም፤ ሚስኪን እሰጣታለሁ፤ እዚህ እየተማረች ልጅ ትሁናት» ያልኩት እኔው ነኝ። አንቺ አልለመንሽኝም። ለዚህ ክረምት እንደምትመጣ ተቆርጦ፣ አልጋ ገዝተሽ፣ ክፍሉን ቀለም አስቀብተሽ እየጠበቅሻት ነው። ይህን አንዱንም አልረሳሁም። እንዳልረሳሁ እያወቅሽ የቀረውን አንብቢልኝ።

ባለፈው እሁድ ሚስኪ ያለችበት ኳየር ዝግጅቱን አቀረበ። ኳየር እዚህ የሚሉት ብዙ ሴት ልጆች ተሰልፈው፣ ድምፅ ተከፋፍለው፣ በአንድ ላይ የሚዘምሩበትን ነው። ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው፤ የኑዌርም የአኙዋም የመዠንገርም፣ እንደኛ ያለው የደገኛም ልጅ አለበት። መምህርታቸው ኛቶክ የልብሳቸውን ሰማያዊ ጨርቅ የገዛችው ከኔው ሱቅ ነው። ስትገዛ ለሚስኪ ሂጃብ የሚሆን ጨምራ አስቆረጠች፤ እኔ ሳልጠይቃት! የዚያን ቀን ሴትዮዋን ወደድኳት።

አንድ ቀን ሚስኪ ከልምምድ መጥታ የኑዌርኛውን ዜማ አውጪ እኔ ሆንኩ አለችን። አውጪዋ ብቻዋን ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። ከዚያ በኋላማ ጉራዬን ማን ይቻለው! ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ «የኔ ልጅ ሁሉንም በልጣ ተመረጠች» እያልኩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣሁት። ፈትሂያ «ለመሆኑ የምትሸጠው ጨርቅ ነው ወሬ?» እያለች አላገጠችብኝ።

እሁድ ዝናቡ ሲያባራ በባጃጅ ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ማራገቢያው አንዱ ብቻ ይዞራል፤ እኔ ደግሞ ፈትሂያ ተው እያለችኝ ኮት ለብሼ በላብ ተጠምቄአለሁ። ከጎኔ ኛኳች ተቀመጠች። ኛኳች ከሱቃችን ፊት ለፊት ደረቅ ዓሣ የምትሸጥ የኑዌር ሴት ናት፤ ልጇ ኛኪምና ሚስኪ ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አንድ ወንበር ላይ ነው ያደጉት። በአኙዋኛ ዘመሩ፣ በአማርኛ ዘመሩ፣ ከዚያ ሚስኪ ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወጣች።

ኑዌርኛውን እሷ ከገበያው ልጆች ጋር ስትጫወት ለምዳ ታቀላጥፈዋለች፤ እኔ በሃያ ዓመት ሰላም ማለትና ዋጋ መናገር ብቻ ነው የቻልኩት። ኛኳች በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ወንዝ ማዶ የቀረች እህቷን የምትጣራ ልጅ ዜማ ነው አለችኝ። ሚስኪ ትጣራለች፣ ሃያ አንዱ ይቀበሏታል። እታለሜ፣ ያቺ ቤት ውስጥ ስንጠራት አቤት ማለቷ እንኳ የማይሰማ ልጅ አዳራሹን በድምጿ ሞላችው። አጃኢብ ነው! እንባዬ ከላቤ ጋር ተቀላቀለ።

ድንገት ሁሉም ዝም አሉ። ያለቀ መሰለኝ። ሰው ያጨበጭባል ብዬ ብጠብቅ ማንም የለም። እንዴት ነው ነገሩ፣ ይህን የመሰለ ነገር ሳይመረቅ ሊቀር ነው እንዴ ብዬ ብድግ አልኩ። አባታችን ዱዓ ሲያደርጉ እንደምታውቂው መዳፌን ዘርግቼ «አሚን በሉ!» አልኩ፣ በዚህ ገበያ ባሰለጠነው ጉሮሮዬ። «ድምፃችሁ አይጥፋ! ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ! ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ!» አዳራሹ መጀመሪያ ክው አለ። ከኋላ ሁለት ሦስት የወሎ ሰዎች «አሚን!» አሉ፤ ቀጥለው ፕሮቴስታንቶቹም «አሜን!» እያሉ ተቀበሉኝ። እኔማ ሰው ሲቀበለኝ ጊዜ ባሰብኝ፤ ዝናቡንም ከብቱንም ወንዙንም መረቅኩ። ፈትሂያ ኮቴን ይዛ ወደ ታች ትጎትታለች፣ እኔ ወደ ላይ።

ለካ አላለቀም! ዝምታው የዜማው ነው። ልጅቷ ተጣርታ ተጣርታ ከማዶ መልስ ትሰማ እንደሆነ ጆሮዋን የምትቀስርበት ነው፤ ከዚያ ሚስኪ ብቻዋን ታነሣዋለች። አንድ ወር ሙሉ የደከሙበት እሱ ቦታ ነው አሉኝ። ኛኳች ይህን በጆሮዬ ስትነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሚስኪ ግን ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? ትልቅ ሰው ሲመርቅ ማቋረጥ ነውር መሆኑን ታውቃለችና ሁለት መዳፏን ዘርግታ ቆማ ጠበቀችኝ። እሷን አይተው ሃያ አንዱም ዘረጉ። ቁጭ ስል «አሚን» ብላ፣ ፊቷን ዳበስ አድርጋ፣ ካቆመችበት አነሣችው። ድምጿ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ የኔ ልጅ መሆኗን ያላወቀ ቢኖር በምርቃቱ አውቋል።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ሲጨብጠኝ ጉራዬ ተመለሰና ለኛኳች «ልጄ ሁሉንም በልጣ አውጪ መሆን ሲያንሳት ነው» አልኳት። ኛኳች ነገር አታለባብስም። ሦስት ዓመት ሙሉ አውጪዋ ኛኪም ነበረች አለችኝ። ዘንድሮም የተመረጠችው ኛኪም ነበረች። ሚስኪ በክረምት ሄጄ አልመለስም ብላ ስትነግራቸው፣ ኛኪም መሄጃሽ ነውና አንቺ አውጪልን ብላ ቦታዋን ራሷ ለቀቀችላት። ቤት ገብታ ግን ጓደኛዬ ልትሄድብኝ ነው፣ እህል አልቀምስም ብላ እናቷን አስጨንቃታለች። ኛኳች ይህን ነግራኝ አባትየው ይህን አያውቅም እንዴ በሚል ዓይን አየችኝ። አባትየው አያውቅም። እኔ ልጄ አሸነፈች ብዬ ገበያውን ሳደነቁር፣ ልጆቹ ለካ እየተሰናበቷት ነበር።

ቤት እንደገባን ሚስኪን አጠገቤ አስቀምጬ ወደ አክስትሽ መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። ይህን ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነው፤ የምጽፍልሽ እያፈርኩ ነው። እሄዳለሁ አለችኝ። ለምን ብላት፣ አክስቴ ብቻዋን ናት፣ አንተም ቃል ገብተሃል አለች። ስለ ራሷ አንዲት ነገር አልተናገረችም። ተነሥቼ ወጣሁና በረንዳው ላይ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እታለሜ፣ ሚስኪን አልልክልሽም። እሷ እንቢ አላለችም፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቂሙንም በኔ ያዢው። ለቅሶው ላይ የሰጠሁሽ የኔ ያልሆነ ነገር ነበር። ዘመድ ምን ይላል እያልኩ ሦስት ቀን ተብሰልስያለሁ። ይበሉ፤ ሙስጠፋ ቃሉን በላ ይበሉ። አንቺ ግን ረሳኝ እንዳትዪ። እናታችን ስትሞት አዝለሽ ያሳደግሽኝን አንቺን ብቻሽን ኑሪ ብዬ ብተውሽ አላህም አይወድልኝም።

ስለዚህ ወደኛ ነዪ። ሙቀቱን እንደምትፈሪው አውቃለሁ፤ ለጉልበትሽ ግን ከብርድ ይሻላል። ቤትሽን አትሽጪ፣ ዘግተሽው ነዪ። ካልተስማማሽ እኔው ራሴ ይዤሽ እመለሳለሁ። ፈትሂያ የጓሮውን ክፍል ማጽዳት ጀምራለች፤ እኔ አላዘዝኳትም። መቆጣት ካለብሽ ተቆጪኝ፤ ስትደውዪ አነሣለሁ፣ ኔትወርክ የለም አልልሽም።

ፈትሂያ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች። ሚስኪ ጉልበትሽን ስማለች። ታናሽ ወንድሟ ሙአዝ አክስቴ ስትመጣ የባሮን ጉማሬ አሳያታለሁ እያለ ይፎክራል፤ ራሱ አይቶት አያውቅም። ኛኳች ያላየኋትን እህትህን ሰላም በልልኝ ብላለች። ለጎረቤትሽ ለሳሚያና ለልጆቿ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከዚህ ቀጥዬ እንደ ወጉ በቤትሽ ያሉትን አንድ በአንድ ሰላም ልል ብል፣ ጋሽ ሳኒ የሉም፤ ከአንቺ ሌላ የምጽፈው ስም አጣሁ። ነዪ፣ እታለሜ።

ወንድምሽ ሙስጠፋ
ጋምቤላ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.