የመጀመሪያዋ መቃብር

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፫

ዛሬ መምሬ ጠርተው፣ ለዓመቱ በዓል የሚነበበውን የደብራችንን ታሪክ አጻፉኝ። ጽሕፈቴ ያምራል ብለው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከሰቆጣ ዳር፣ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ስለሆነ ታሪኩ ሁለት ገጽ አይሞላም። ቦታውን የሰጡት፣ ድንጋዩን በአህያ ያመላለሱት ሁሉ በስማቸው ተጻፉ። ቀጥለው፣ «በዚያው ዓመት አንዲት ምእመን ተቀብራ የመቃብር ቦታው ተጀመረ» አሉ።

እናቴ ናት።

«ስሟስ» ልላቸው ብዬ ብዕሬን ከወረቀቱ አነሣሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቀለሙ አለቀብሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ሬሳቸውን ተሸክመው ወደ ድሮው ደብር፣ ወደ ዘመዶቻቸው አጠገብ ያልፋሉ። እኛ ከደሃና መጥተን እዚያ ዘመድ ስላልነበረን ከአዲሱ ቀበርናት። በዚያ ሰፊ ግቢ ብቻዋን ናት።

ቤት ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው «አንዲት ምእመን» የሚለውን ትቼ የክርስትና ስሟን ጻፍሁ፤ ወለተ ሥላሴ። በበዓሉ ሲነበብ በዚህ ስም የሚያውቃት ከቤታችንና ከመምሬ በቀር የለም፤ እሳቸው የንስሐ አባቷ ነበሩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እሰጣቸዋለሁ። ይሰርዙት ይሆን? ከሰረዙት፣ እንደገና «አንዲት ምእመን» ብዬ የምገለብጠው እኔው ነኝ።