በአንድ የማይክ ገመድ ምክንያት ለጥራት ቁጥጥር ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የንግድ ዕቃዎች ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ወንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? ከሁሉ አስቀድሜ ግን የጉሮሮዎን ነገር እጠይቃለሁ፤ ባለፈው ወር በዓመታዊው ስብሰባዎ ላይ ሲናገሩ ሳሉ እየደጋገመ ሲያስቸግርዎ ሰምቼ አዝኛለሁ። በጉሮሮ የመጣ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ በእኔ ቤት በደንብ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። ትኩስ ነገር ይጠጡ፤ አብዝተው አይናገሩ።

ምናልባት አያስታውሱኝም። በዚያ ስብሰባ ላይ ከመድረኩ ጥግ አቀርቅሬ ሚክሰሩን ስነካካ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ። የድምፅ ማጉያ አከራያለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰውን ድምፅ ለሰው ሳደርስ ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ልከስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ከእናንተ ጋር ተካስሶ የረታ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ላመሰግንዎ ነው። ምስጋናው ስለበዛብኝም በተራ ቁጥር ከፋፍዬዋለሁ፤ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ከልምድ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ በዕቃዎቼ ላይ ስላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የስብሰባው ርዕስ «ሐሰተኛ ዕቃን በጋራ እንከላከል» የሚል ስለነበር፣ በላካችሁልኝ የኪራይ ውል ላይ የሚቀርበው ዕቃ በሙሉ ኦሪጅናል መሆን አለበት የሚል አንቀጽ በደማቁ ሰፍሮ ነበር። ተገቢ ነው። ችግሩ በሱቄ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት አሥራ አራት የማይክ ገመዶች መካከል ኦሪጅናሉ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በእኛ ሙያ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ጥሩው ገመድ ለመድረክ፣ ተራው ለቤት። ስለዚህ እሱን ለእርስዎ መናገሪያ ሰጠሁ። ስብሰባው ሁለት ቀን የሚቆይ በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ቀን ንግግርዎን ጨርሰው ሲወርዱ ነቅዬ ልወስደው ብል አስተባባሪዎ ውሉን አውጥቶ አሳየኝ። ገመዱ ከወለሉ ጋር በፕላስተር እንደተለጠፈ እዚያው ቀረ። ጥቂት ልከራከር እችል ነበር፤ አልተከራከርኩም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቀኑ አመራረጥ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በዚያው በስብሰባው የመጀመሪያ ቀን አመሻሽ ላይ ሆስፒታል መግባት ነበረባት፤ በማግስቱ ጠዋት በቀዶ ጥገና የጉሮሮዋ የድምፅ ሳጥን ሊወጣ ነው። ሐኪሙ ሳያለባብስ ነግሮናል፤ ሕይወቷ ይተርፋል፣ ድምፅዋ ግን አይተርፍም። ባለቤቴን በመልክ ላያውቋት ይችላሉ፤ አውቶቡስ ተሳፍረው የሚያውቁ ከሆነ ግን ድምፅዋን ሰምተውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመናኸሪያው ማይክ የመኪና መነሻ ሰዓት ስትናገር የኖረችው ሴት እሷ ናት። የተጣሉ ሹፌሮችን በየስማቸው ጠርታ ብቻ ታስታርቃለች፤ የጠፋ ሕፃን ወላጆች ስትጣራ ሕፃኑ ራሱ ለቅሶውን ትቶ ያዳምጣታል። የተዋወቅነውም ማይኳን ልጠግን ሄጄ ነው። ማይኩ ምንም እንዳልሆነ የነገርኳት ከተጋባን በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት የተናገረችውን ማንም አልቀዳውም፤ ድምፅዋ ከአውቶቡሱ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። በስልካችን ባሉት ቪዲዮዎች ላይ ደግሞ ወይ ሙዚቃው ይውጣታል፣ ወይ የምትቀርጸው እሷው ሆና እንዳላበላሽ ብላ ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች። ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባለቤቴ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚወለደው ልጅ ድምፅዋን እንዲያውቅ ልታወራለትና ልጃችንን ያሳደገችበትን እሹሩሩ ልታዜምለት። ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀልኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ማይኩን አስያዝኳት። ገመዱ ከአሥራ ሦስቱ አንዱ ነበር። ሞከርኩት፤ ጥርት አድርጎ ያመጣል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስከታተል ቀና ብላ አየችኝና፣ «አውልቀው እስቲ ያንን፤ ዛሬ እንኳ እንደ ባል ስማኝ» አለችኝ።

አወለቅኩት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እየቀዳሁ ማዳመጫ ያወለቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ትንሽ እንዳወራች ማይኩን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ በዚያች ቅጽበት በመሰኪያው ውስጥ ያለው ብየዳ ለቋል። የመቅጃው አረንጓዴ መብራት ግን አልጠፋም፤ ለካ የሚያበራው የገመዱ ጩኸት ኖሯል። ድምፅ ሲገባ መብራቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጩኸት ሲገባ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህን ለጀማሪ የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን መብራቱን አላየሁትም። የማየው እሷን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሷ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ልጃችንም «እስቲ አባዬ፣ አሰማኝ» ብላ መጣች። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ አለ። «እየቀዳ ነው?» ትላለች፣ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ እኔን ትቆጣለች፣ «የእኔ ጌታ ወይም የእኔ እመቤት» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ አርባ አንድ ደቂቃ እዝዝዝ የሚል ጩኸት ነው። ልዘጋው ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ። ቆይቶ ይመጣ ይሆናል ብላ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ አርባ አንዱንም ደቂቃ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየን ነበር። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥራት ምልክትዎ አመሰግናለሁ። ገመዱን በምላጭ ቀደድኩት። ከላይ ጥቁር፣ ለስላሳና ወፍራም ነው፤ የታወቀ ፋብሪካ ስም በነጭ ተጽፎበታል። ከውስጥ ግን ድምፁን ከውጭ ጩኸት የሚከልል የመዳብ ጥልፍልፍ መኖር በነበረበት ቦታ እንደ ፀጉር የቀጠኑ አራት ሽቦዎች አገኘሁ። ማግኔት ሳስጠጋባቸው ዘለው ተጣበቁ። መዳብን ማግኔት አይስበውም፤ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። የቀረው፣ ገመዱ ሲይዙት ወፈር እንዲል የተጠቀጠቀ ጥጥ ነው። ማሸጊያው ላይ የጽሕፈት ቤትዎ የሚያብረቀርቅ ምልክት አለ። እሱም ፎርጅድ ይሆን ብዬ በኦሪጅናሉ ላይ ካለው ጋር አስተያየሁት፤ ሳይሆን አይቀርም፤ የፎርጅዱ ሙጫ ይሻላል። የእናንተው በሳምንቱ ተልጦ ወድቋል።

የተቀደደውን ገመድ በፌስታል ይዤ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ሰው አክባሪ ናት፤ እንደ እሷ ያሉትን ያብዛልዎ። በሰጠችኝ የአቤቱታ ቅጽ ላይ «የደረሰው ጉዳት» ከሚለው አጠገብ የተተወው ቦታ የሁለት ጣት ስፋት አለው። «የባለቤቴ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩበት። አነበበችና፣ «አባቴ፣ ጉዳቱ በዕቃ ነው መገለጽ ያለበት» አለችኝ። «ገመድ፣ አንድ» ብለን አስተካከልነው። ተጎጂ በሚለው ቦታ የባለቤቴን ስም አስገባን፤ ጥሪ ይደርሳችኋል ተብዬ ወጣሁ።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ምስጋናው ወደ ራሴ ስለሚዞር ይታገሡኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሉኝ ሳልጠየቅ ልናገር፤ ገመዱ ፎርጅድ መሆኑን አውቅ ነበር። ሻጩ አልዋሸኝም። «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኦሪጅናል መሳይ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ ደግሞ፣ በዚህ ዋጋ እንዴት ኦሪጅናል ይሆናል?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሥራ ሦስቱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሳጥኑ ይዋሻል፣ ምልክቱ ይዋሻል፣ እኔና እሱ ግን ተማምነን ተገበያየን። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት ነገር ለእኔ አይሆንም። ገደሉን አይቼዋለሁ፤ የሚገባበት ሌላ ሰው ነው ብዬ ነው።

ለዓመታት ለራሴ የማቀርበው መከራከሪያ ነበረኝ። ኦሪጅናል ብቻ ግዛ ብባል ኖሮ ሱቅ አልከፍትም፣ ልጄንም አላስተምርም ነበር፤ የዚያ ፋብሪካ ባለቤት ለእኔ ብጤ ያሰበው ነገር ቢኖር ዋጋው ላይ አይቼው በነበር። አሁንም ይህ ሐሰት አይመስለኝም። ነገር ግን አምና አንድ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጡረታ ሲወጡ ገመድ አከራይቼ፣ የመሰናበቻ ንግግራቸው መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ። ገመዱ እንደሆነ እያወቅሁ «መብራቱ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። አመኑኝ፤ እንዲያውም ስላስቸገሩኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። ሁለተኛውን ገጽ ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ሰውም አጨበጨበ። ያኔ ገመድ ቀይሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰሞኑን ግን በዚያ ገጽ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር ማወቅ አምሮኛል፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። በኦሪጅናሉ ገመድ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀድቼዎታለሁ። እንዴት ያለ ጥራት መሰለዎ! ወረቀት ሲገልጡ ይሰማል፤ ውኃ ሲውጡ ይሰማል፤ ከኋላዎ የተቀመጡት ምክትልዎ «አልረዘመም?» ሲሉ ይሰማል፤ «ሐሰተኛ ዕቃ የሰው ሕይወት ይነካል» ብለው ጭብጨባ ሲጠብቁ፣ ጭብጨባው ሳይመጣ ሲቀርም ይሰማል። ሳልዎ አንዱም አልጠፋም። በንዴት ላጠፋው ሁለት ጊዜ ጣቴን አንሥቼ ነበር፤ አልቻልኩም። ድምፅ የጠፋበት ሰው የሌላውን ድምፅ ማጥፋት አይሆንለትም። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የልጅ ልጆችዎ አያታቸው እንዴት ይስል እንደነበር አጥርተው ያውቃሉ።

«ታዲያ አጠገቧ ተቀምጠህ አልሰማህም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ሰምቻለሁ፤ ግን አደራውን የሚይዝልኝ መቅጃ አለ ብዬ ነበር የሰማሁት። አሁን ትዝ የሚለኝ ዝናብ ሲዘንብ ስለሚፈራ ልጅ የተናገረችው አንድ ነገር፣ የእሹሩሩው ዜማና አንድ ጊዜ መሳቋ ብቻ ነው፤ ምን እንዳሳቃት ረስቼዋለሁ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። እንደገና በጽሑፍ እንድታሰፍረው ለመንኳት። በደብተሯ አንድ ገጽ ሞላች፣ አነበበችው፣ ቀደደችው። «በጽሑፍ ሲሆን ምክር ይመስላል» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ላይ አንድም ቀን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለነገሩ በምን ድምፅ ትቆጣኛለች።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ምልክትዎ እንዲያብረቀርቅ፣ ጉሮሮዎ ጤና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንድ ኦሪጅናልና የአሥራ ሁለት ፎርጅድ ገመዶች ባለቤት፣
በመናኸሪያው ትጣራ የነበረችው ሴት ባል

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ የጥሪ ወረቀት ደረሰን፤ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ተጎጂዋ በመጪው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት በአካል ቀርበው ስለ ገመዱ በቃል እንዲያስረዱ፣ በጽሑፍ የሚቀርብ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው፣ በቃል ካላስረዱ ግን ጉዳዩ እንደሚዘጋ ይላል። ባለቤቴ አንብባዋለች፤ እቀርባለሁ ብላለች፣ ማለትም ራሷን ነቅንቃለች። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ከፊትዎ ትቀመጣለች፣ የምትለውንም ሁሉ ትላለች። ቃለ ጉባኤ ያዥዎ የሰማውን አንድም ሳያስቀር እንዲጽፍና ገጹን እርስዎ እንዲፈርሙበት በትሕትና እለምናለሁ።