ፉልቪዮን ግንቡ ላይ አስወጪው

ሚሬላ፣

ለሥራ እየረፈደብኝ ነው፤ ስትነሺ ስለማታገኚኝ ጽፌልሻለሁ።

ድመቷ በልታለች፤ ብትለማመጥሽም እንዳትሰሚያት። የቦሎኛው ባቡር የሚነሳው ሁለት ሰዓት ላይ ነው እንጂ አንቺ እንደጻፍሽው ሁለት ተኩል ላይ አይደለም።

አዎ፣ የጉዞ ዕቅድሽን አንብቤዋለሁ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትተሽው ምን ላድርግ? ቡና የደፋሁበት ግን ሳላውቅ ነው። ይቅርታ። የምሳ ቤቱ ስም ጠፍቷል፤ መቼም ያሳየሁሽ እኔ ነኝ፣ አትረሺውም።

«ቅዳሜ ጠዋት፦ ግንቡ ላይ መውጣት፣ ሁለት ሰው» ይላል።

ሁለት ሰው።

ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ስንማር አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ረጅም ግንብ ሥር ተመላልሰን አንድም ቀን አልወጣነውም። ሳይመረቅ የወጣ ተማሪ ዲግሪውን አያገኝም ስለሚባል እንኳን ልንወጣው ቀና ብለን ለማየትም እንፈራ ነበር። «ኦርኔላ ሙች፣ በተመረቅን ማግስት አብረን ነው የምንወጣው!» ያልሽው አንቺ ነሽ።

እሺ፣ ከፍቅረኛሽ ጋር ውጪ። ሻርፔን ከሻንጣሽ አላወጣሁትም፤ አናቱ ላይ ይነፍሳል።

ግን ፉልቪዮ «እኔም እዚያው ነው የተመረቅኩት» ብሎሽ የለ? ባለፈው እራት ላይ የግንቡን ነገር ሳነሳ ለምን ሹካው ከእጁ እንደወደቀ አላውቅም። እኔ ምንም አላልኩም። ብቻ የግንቡ በር ጋ ስትደርሱ ዓይን ዓይኑን እዪው።

ጉልበቴን አመመኝ ካለሽ ደውይልኝ። በሚቀጥለው ባቡር እመጣለሁ።

ትኬቱ እንደሆነ የሁለት ሰው ነው።

ኦርኔላ